«ከቤተ ክርስቲያን ወጣሁ» ብዬ ልፈርም ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ አካባቢ ነው። አልተንሃይም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ እሠራለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አድራሻዬን ሳስመዘግብ ሃይማኖትሽ ሲሉኝ ‹ኤቫንጌሊሽ› አልኩ። ወንጌላዊት ነኝ፣ ሌላ ምን ልበል? ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ግን በየወሩ ‹ኪርሽንሽቶየር› የሚሉት የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጥብኛል። የጀርመኖቹን ቤተ ክርስቲያን ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። የምካፈለው የአማርኛ ጉባኤያችን ነው፣ አሥራቴንም የምሰጠው እዚያው ነው፣ ገንዘብ ያዥም ነኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ‹ፍርድ ቤት ሄደሽ ከቤተ ክርስቲያን ወጣሁ ብለሽ ፈርሚ፣ ይቆማል› አለችኝ። እንዲህ ብሎ መፈረም ክርስቶስን መካድ አይሆንም? የጉባኤ አገልግሎቴስ? እስከ ዛሬ የተቆረጠውስ ይመለሳል?»

መልስ፦

ሰላም እህቴ። ግብር ነክ ጉዳዮች ላይ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብኛል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥር ላይ ነው፣ ሰው የዓመቱን የደመወዝ ወረቀት ሰብስቦ ሲደምር። አንቺ ግን ከገንዘቡ በፊት ስለ እምነትሽ ጠየቅሽ። እኔም ከዚያው ልጀምር።

ጀርመን ውስጥ «ቤተ ክርስቲያን» ሲባል ሁለት ነገር አንድ ላይ ተጠቅልሏል። አንዱ እኔና አንቺ የምናውቀው ነው፤ ጉባኤው፣ ጸሎቱ፣ ጥምቀቱ። ሁለተኛው መንግሥት የሚያውቀው ድርጅት ነው፤ መዝገብ ያለው፣ አባላቱን በስም የሚቆጥር፣ ከአባላቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ያለው። ይህ መብት ከሰማይ አልወረደም። በ1803 የጀርመን መሳፍንት የቤተ ክርስቲያንን መሬትና ንብረት በብዛት ወረሱ። በዚያው ክፍለ ዘመን ግዛቶቹ «እንግዲህ ምእመናኑ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን ይቻሉ» እያሉ ግብሩን አንድ በአንድ አስገቡ። በ1919 የዋይማር ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ፣ የ1949ኙ ሕገ መንግሥትም ያንን አንቀጽ እንዳለ ወሰደው። ዛሬ የሚሰበስበው ፊናንትስአምት (የግብር መሥሪያ ቤቱ) ነው፤ ለድካሙም ከገቢው ላይ ድርሻውን ይወስዳል።

ፍርድ ቤት ሄደሽ የምትፈርሚው ወረቀት የሚመለከተው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ ክርስቶስ አንድ ቃል የለም። ሠራተኛዋ «ታምኛለሽ ወይ?» አትልሽም። ለምን እንደምትወጪም አትጠይቅሽም። ስምሽን፣ አድራሻሽን፣ የተወለድሽበትን ቀን፣ የምትወጪበትን ቤተ ክርስቲያን ስም ትጽፋለች፣ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ። በእኔ አስተያየት ክርስቶስን መካድ አይደለም። ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። አማርኛ ላይ «ከቤተ ክርስቲያን ወጣች» ሲባል እናትሽ ጆሮ ውስጥ የሚገባው «ጠፋች» ነው።

ነገር ግን «ወረቀት ብቻ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም» የሚሉሽንም አትስሚ። በጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ዓይን ማኅበሩን ትተሻል። በነሱ ዘንድ ክርስትና እናት ሆነሽ መቆም አትችይም። ምርጫቸው ላይ ድምፅ የለሽም። ሠርግ ወይም ቀብር በነሱ ቄስ እንዲሆን ብትፈልጊ «አባል አይደለሽም» ሊሉሽ ይችላሉ። ደጃፉን ረግጬ አላውቅም ካልሽ ይህ ሁሉ ላንቺ ብዙም አይጎዳሽም። ልጅሽን እነሱ ጋ ያስጠመቅሽ ቢሆን ግን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

አንዳንዱ ደግሞ ብልጠት ይሞክራል። «የምወጣው ከግብሩ ብቻ ነው፣ በእምነቴ ግን እዚያው ነኝ» ብሎ ቅጹ ላይ መጨመር። ይህን በትልቁ የሞከሩ ሰው ነበሩ፤ ሃርትሙት ዛፕ የሚባሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ያስተማሩ የፍራይቡርግ ፕሮፌሰር፣ ካቶሊክ። ጉዳያቸው ላይፕዚግ እስካለው የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት ደረሰ። በመስከረም 2012 የተወሰነው፣ ባጭሩ፣ ከግብሩ ወጥቶ ማኅበሩ ውስጥ መቅረት በመንግሥት ፊት አይቻልም የሚል ነው። በዚያው ወር የካቶሊክ ጳጳሳቱ የወጣ ሰው ሥጋ ወደሙ እንደማይቀበልና ክርስትና አባት እንደማይሆን የሚገልጽ ድንጋጌ አወጡ። ስለዚህ ቅጹ ላይ ምንም ማብራሪያ አትጨምሪ። ማብራሪያሽን ለጉባኤሽ አድርጊው።

አሁን ወደ መነሻው እንመለስ፦ ያቺ «ኤቫንጌሊሽ» የምትል አንድ ቃል። አንሜልዱንግ (የአድራሻ ምዝገባ) ላይ የሚጠየቀው ሃይማኖት ለወግ አይደለም። ከውጭ የመጣ ፕሮቴስታንት ለመዝገብ ቢሮው «ኤቫንጌሊሽ ነኝ» ሲል የጀርመኑ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሕግ ያንን እንደ አባልነት መግለጫ ይቆጥረዋል። «የቋንቋ ስህተት ነበር» ማለት የሚሠራ ከመሰለሽ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በ2002 ከፈረንሳይ ፍራንክፈርት የገቡ ባልና ሚስት ቅጹ ላይ ሃይማኖታቸውን «ሞዛይሽ» ብለው ጻፉ፤ የሙሴ እምነት እንደማለት ነው። የፍራንክፈርት የአይሁድ ማኅበር አባላችን ናችሁ፣ ግብር ክፈሉ አላቸው። እነሱ ይህን ማኅበር አናውቀውም አሉ። በ2010 በፌዴራሉ አስተዳደር ፍርድ ቤት ረቱ። በታኅሣሥ 2014 ግን የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ገለበጠው፣ በ2016 ደግሞ የመጨረሻው ውሳኔ ለማኅበሩ ሆነ። አሥራ አራት ዓመት፣ በአንድ ቃል!

ያንቺ ጉዳይ በትክክል ከዚህ ጋር አንድ ነው አልልም። ሀገር ቤት የሙሉ ወንጌል፣ የቃለ ሕይወት ወይም የመሠረተ ክርስቶስ አባል ከነበርሽ እዚህ የሚመስልሽ «ፍራይኪርሸ» (ነፃ ቤተ ክርስቲያን) የሚባለው ነው፤ እነሱ በደመወዝ በኩል ይህን ግብር አያስቆርጡም። መካነ ኢየሱስ ከሆንሽ ግን ነገሩ ቅርብ ነው። ሉተራን ናት፣ ወለጋ አይራ ድረስ የዘለቁት የሄርማንስቡርግ ሚስዮናውያንም ከዚሁ ከጀርመን ነበሩ። ባለሥልጣኑ «እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ምን ስህተት አለው?» ቢልሽ ብዙም አልተሳሳተም። የየትኛዋ እንደሆንሽ አልጻፍሽልኝም።

እዚህ ላይ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አንባቢዎች አንድ ነገር ላስገባ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጀርመን ውስጥ ይህን ግብር አታስቆርጥም። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ «ኤፋው» (ወንጌላዊት) ወይም «ኤርካ» (ካቶሊክ) የሚሉት ምልክቶች ካሉ አንድ ሰው አንሜልዱንግ ላይ ተሳስቷል፤ ወይ ጸሐፊው፣ ወይ አስተርጓሚው። የእናንተ መንገድ መውጣት አይደለም፤ ካልገቡበት ቤት መውጣት አይቻልም። የክርስትና ማስረጃችሁን ይዛችሁ መዝገብ ቢሮው ሄዳችሁ አስተካክሉ። ካቶሊክ የሆናችሁ ደግሞ «የለኝም» ብሎ መመዝገብ መፍትሔ እንዳይመስላችሁ። በካቶሊክ ሕግ የትም ተጠመቅ የት ካቶሊክ ነህ። ባየርን ሙኒክ የተጫወተው ጣሊያናዊው ሉካ ቶኒ እንደ ሃይማኖት የለሽ ተመዝግቦ ኖሮ ኋላ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተጠይቋል። የኛ ደመወዝ እዚያ አይደርስም፣ ደንቡ ግን ያው ነው።

ገንዘቡን እንቁጠር። ብዙ ሰው ከደመወዙ ዘጠኝ በመቶ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ከገቢ ግብሩ ላይ ነው ዘጠኝ በመቶ፤ ባየርንና ባደን ቩርተምበርግ ላይ ስምንት። ሎንአብሬሽኑንግሽ (የደመወዝ ወረቀትሽ) ላይ የገቢ ግብሩ 300 ዩሮ ከሆነ ኪርሽንሽቶየሩ 27 ዩሮ ነው። በዓመት 324። ልጆች ካሉሽ ከዚያም ያንሳል፣ ሲሰላ የልጅ ቅናሽ ግምት ውስጥ ይገባልና። ሌላ ሰው የማይነግርሽ ነገር ደግሞ አለ። የከፈልሽው ኪርሽንሽቶየር በሙሉ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። የዓመት የግብር ማስታወቂያ ሞልተሽ የማታውቂ ከሆነ፣ በግድ መሙላት የሌለበት ተቀጣሪ እስከ አራት ዓመት ወደኋላ ሄዶ መሙላት ይችላል። ያኔ ከፊሉ ይመለስልሻል። «የተቆረጠው ይመለሳል ወይ?» ላልሽው ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ሙሉውን የማስመለስ ተስፋ ግን ጠባብ ነው። አባልነትሽ ከመጀመሪያው ልክ አልነበረም ብለሽ መከራከር አለብሽ። በግብር ውሳኔ ላይ ተቃውሞ የሚቀርበው ደግሞ ውሳኔው በደረሰሽ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ያለፉት ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ብለሽ ጠበቃ ብትይዢ ጠበቃው ከሚመለሰው በላይ ይበላል።

አሁን እኔን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። «አልተንሃይም ውስጥ እሠራለሁ» ብለሽ አልፈሻል። የማን አልተንሃይም? የከተማው ነው? የግል ነው? ወይስ የዲያኮኒ ወይም የካሪታስ? ዲያኮኒ የወንጌላውያኑ ነው፣ ካሪታስ የካቶሊኮቹ። ሁለቱ በጀርመን ከትልልቆቹ አሠሪዎች መካከል ናቸው፣ የኛም ሰው እዚያ ብዙ ነው። አሠሪሽ ከነሱ አንዱ ከሆነ ወደ ፍርድ ቤት አንድ እግር ከማንሳትሽ በፊት ቁጭ በይና የሥራ ውልሽን አንብቢ።

ለምን መሰለሽ? የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች የራሳቸው የሥራ ሕግ አላቸው። የወጣ ሠራተኛን እንደ ታማኝነት ጉድለት የማየት ልማድም አላቸው። አስገራሚው ነገር እዚያው ቤት ሙስሊምም ሃይማኖት የሌለውም ሰው በሰላም ይሠራል። ያልገባ ሰው ችግር የለበትም። ገብቶ የወጣ ነው ጥያቄ የሚነሳበት። በ2018 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የዲያኮኒ ሥራ አመልክታ ባላገኘችው በኤገንበርገር ጉዳይ የሃይማኖት መስፈርት ለሥራው በእውነት ማስፈለጉን ፍርድ ቤት ይመርምረው ብሎ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናቱም እያላሉ መጥተዋል። ግን በፍርድ ቤት መርታትና በሰላም ሥራ ላይ ማደር የተለያዩ ናቸው። ደግሞም «በስውር አደርገዋለሁ» አትበይ። የግብር ምልክትሽ በኮምፒውተር በቀጥታ ወደ አሠሪሽ ይሄዳል። ትናንት «ኤፋው» የነበረው ዛሬ ሁለት ሰረዝ ይሆናል፣ የደመወዝ ክፍሉ ያየዋል።

አሠሪሽ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ የሠራተኞች ተወካዮቹን በሚስጥር አማክሪ። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «አንድ ሰው ከወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የሌላ ክርስቲያን ማኅበር አባል ቢሆን እዚህ ቤት ምን ይደርስበታል?» መልሱን ሰምተሽ፣ ከተቻለም በጽሑፍ አግኝተሽ፣ ከዚያ ወስኚ። በወር 27 ዩሮ ለማትረፍ ቋሚ ኮንትራትሽን አደጋ ላይ እንድትጥዪ አልመክርሽም። አሠሪሽ ከተማው ወይም የግል ድርጅት ከሆነ ይህን አንቀጽ እርሺው።

ሁለተኛው ስጋት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለተራው ሰው ምንም አይነካም፤ ቋሚ መኖሪያም ሆነ ዜግነት ሲሰጥ ሰውየው ኪርሽንሽቶየር ይከፍላል ወይ ተብሎ አይታይም። ጥገኝነት ያገኘሽው ወይም የጠየቅሽው በእምነትሽ ምክንያት ተሰድጄ ነው ብለሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠበቃሽን አናግሪ። ፋይልሽ ውስጥ «ከቤተ ክርስቲያን ወጥታለች» የሚል መረጃ ገብቶ ማብራሪያ የምትሰጪበት ቀን እንዳይመጣ፣ ከጉባኤሽ የአባልነት ደብዳቤ ቀድመሽ ያዢ። ደብዳቤው ለአሠሪሽም ይጠቅማል።

ጉባኤውን በተመለከተ። ብዙዎቹ የአማርኛ ጉባኤዎች «ፌራይን» (ሕጋዊ ማኅበር) ሆነው የተመዘገቡ ናቸው፣ አዳራሽ ከጀርመኖቹ ይከራያሉ። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ከጀርመኑ መዝገብ መውጣትሽ ከገንዘብ ያዥነትሽ ጋር ምንም አያገናኘውም። የሚያስቀው ነገር የፌራይኖች መዝገብ ያለውም አምትስገሪሽት (ያው የምትፈርሚበት ፍርድ ቤት) ነው፤ አንዱ ክፍል ትወጫለሽ፣ ሌላው ክፍል ስምሽ እንዳለ ነው፣ አይነጋገሩም። ጉባኤያችሁ በጀርመኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታቅፎ የሚሠራ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፤ እንደዚያ ባሉት ኃላፊነት የሚይዙት አባላት ብቻ እንዲሆኑ ሊጠየቅ ይችላል። መጋቢያችሁን ቀድመሽ ጠይቂ። ገንዘብ ያዥ ስለሆንሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ በፖስታ የሚሰጥ አሥራት ለፊናንትስአምት እንዳልተሰጠ ነው። ማኅበራችሁ የበጎ አድራጎት ዕውቅና ካለው በባንክ ይላክ፣ ደረሰኝ ስጡ። ለሰጪው እስከ ገቢው ሃያ በመቶ ድረስ ይቀነስለታል። ምእመናኑ ይመርቁሻል።

ይህን ሁሉ አይተሽ ከቆረጥሽ አካሄዱ ቀላል ነው። ያለሽበት ኖርድራይን ቬስትፋለን ስለሆነ የምትሄጂው ወደምትኖሪበት አካባቢ አምትስገሪሽት ነው፤ ክፍያው 30 ዩሮ ነው። ሌላ ክልል ያላችሁ አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ሽታንደስአምት (የልደትና የጋብቻ መዝገብ ቢሮ) ነው፣ ዋጋውም ይለያያል፤ ብራንደንቡርግ በነፃ ነው። በኢሜይል አይሆንም። ሰው በመወከልም አይሆንም። ወይ በአካል፣ ወይ ኖታር (ሰነድ አረጋጋጭ) ባረጋገጠው ፊርማ ነው። ፓስፖርትሽ አድራሻ ስለሌለበት ሜልደበሻይኒጉንግ (የአድራሻ ማረጋገጫ) ያዢ። ተርሚን (ቀጠሮ) አስቀድመሽ በኢንተርኔት ያዢ። ኮሎኝ ላይ በ2021፣ በከተማው የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ በካርዲናል ቮልኪ ዙሪያ የተነሳው ቁጣ ሰውን ሲያስወጣ፣ ተርሚን ለማግኘት ወራት ይፈጅ ነበር። በ2022 በመላ ጀርመን ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብቻ 522,821 ሰው ወጥቷል። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ብቻዬን እቆማለሁ ብለሽ አትፈሪ። «እኛ እናስወጣሃለን» ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ የኢንተርኔት ገጾች አሉ፤ ቅጽ ሞልተው ይልኩልሻል፣ አንቺ ግን ያው በአካል መሄድሽ አይቀርም። ገንዘብሽን አትስጪያቸው።

አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ለራሱ ይወስናል፣ በታች ከሆነ ወላጅ ነው። ልጅሽ አንቺ ስለወጣሽ አብሮ አይወጣም፤ ስሙ ተመዝግቦ ከሆነ ለብቻ ይነገር። ያገባሽ ከሆነና ባለቤትሽ እዚያው አባል ሆኖ ከቀረ፣ አንዳንድ አካባቢ እሱ ላይ በቤተሰብ ገቢ የሚታሰብ ሌላ ክፍያ ሊመጣ ስለሚችል አብራችሁ አስሉት።

ከፈረምሽ በኋላ የመውጫ ምስክር ወረቀት ይሰጥሻል። ይህን ወረቀት ከልደት ካርድሽ ጋር አስቀምጪው። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የወጡ ሰዎች ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ «ማስረጃ አምጡ» ተብለዋል፤ ያጡት ተቸግረዋል። ፎቶም አንሺው። ቆረጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በፈረምሽበት ወር መጨረሻ ነው። መረጃው እስኪደርስ ግን ይዘገያል። ሁለት ሦስት ወር ሎንአብሬሽኑንግሽን እያየሽ ቆዪ። ካልቆመ ምስክር ወረቀቱን ይዘሽ ቡርገርአምት (የነዋሪዎች መዝገብ ቢሮ) ሂጂ። በትርፍ የተቆረጠው በዓመቱ ግብር ላይ ይስተካከላል።

አንድ ቀን ሐሳብሽን ብትለውጪ ወንጌላውያኑ በሩን አይዘጉም። ቀጠሮ ይዘሽ፣ ከቄሱ ጋር አውርተሽ ትመለሻለሽ፣ ዳግመኛም አትጠመቂም።

ፈርመሽ ከመጣሽ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሰፈሩ ደብር ደብዳቤ ሊደርስሽ ይችላል። «በመውጣትሽ አዝነናል፣ ምክንያትሽን ብትነግሪን» የሚል ነው። የመመለስ ግዴታ የለብሽም። ግን አዳራሹን የሚያከራያችሁ ያው ደብር ከሆነ፣ አንድ እሁድ ከጉባኤ በኋላ ቄሱን ቡና ጥሪያቸውና ራስሽ ንገሪያቸው። በሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ይሻላል፤ የአዳራሹ ውል የሚታደሰውም በሳቸው ፊርማ ነው።